ሰባት ሰው የሚችል በረንዳ

«አይ፣ ማንም አያስቸግራቸውም። በረንዳው ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ሙሉ ለሙሉ የእነሱ ነው። ውስጠኛው ክፍል አንዲት አሮጊት አለች፤ እሷ ግን አትወጣም። አታስብ።»

ፌርሚን ይህን የሚለው በስልክ ነው፤ ሳሎኑ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እየተንጎራደደ። እህቱ አውሮራ ወጥ ቤት ቆማ የደረቀ ዳቦ ወተት ውስጥ ትነክራለች። በሕማማት ሰሞን በእንቁላል ተጠብሶ ማር የሚፈስበት ዳቦ ካልቀረበ፣ ረቡዕም ረቡዕ አይመስላት። መጀመሪያ የሰማችውን ነገር ከምንም አላገናኘችውም። የትኛዋ አሮጊት? ብላ ከልቧ አሰበች። ፊት ለፊት ያሉት ሴትዮ ከሞቱ ሦስት ዓመታቸው ነው። ሌላ አሮጊት በዚህ ሕንፃ የለም፤ እንዲያውም ሰው የሚባል ነገር የለም። በየበሩ ላይ ቁጥር ተነክቶ የሚከፈት የቁልፍ ሣጥን ተሰክቶ፣ በየሦስት ቀኑ ሻንጣ የሚጎትት አዲስ ፊት ይገባል፣ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የገባት። የያዘችው ዳቦ እጇ ላይ ተበታትኖ ሣህኑ ውስጥ ወደቀ። አሮጊቷ እናታቸው ናት። የእሷም፣ የእሱም እናት።

እናታቸውን ትሪኒን አርባ ሁለቱን ደረጃ ካወጣቻት ገና አንድ ሰዓት አልሞላትም ነበር። በየሦስት ደረጃው እየቆሙ፣ በየመታጠፊያው ከቤት ባመጡት ታጣፊ በርጩማ ላይ እያረፉ ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው። ትሪኒ ሰማንያ ስምንት ዓመቷ ነው። ጭንቅላቷ እንደ ወጣት ይሠራል፤ ልቧ ግን የሚሠራው በግድ ነው። በየካቲት ሐኪሙ ወረቀቱን ሲያገላብጥ ቆይቶ፣ በዚህ ዕድሜ ቀዶ ጥገና አይሞከርም፣ ደስ የሚላትን አድርጉላት ብሎ ሸኛቸው። ደስ የሚላት ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው። ካሬቴሪያ ጎዳና ላይ ባለው በዚህ በረንዳ ተቀምጣ፣ በሕማማት ረቡዕ ጌታ መስቀሉን ተሸክሞ በቤቷ ሥር ሲያልፍ ማየት።

ማየት ብቻም አይደለም። ባሏ ኤላዲዮ የጌታ ሐውልት ተቀምጦ በየመንገዱ የሚዞርበትን ዙፋን አርባ አንድ ዓመት በትከሻው የተሸከመ ሰው ነበር፤ ያውም ከፊተኛው እንጨት ጫፍ፣ ክብደቱ ሁሉ ከሚያርፍበት ቦታ። እሱ ከሞተ ጀምሮ ዙፋኑን የሚያወጣው የቤተ ክርስቲያን ማኅበር ሰዎች እዚህ በረንዳ ሥር ሲደርሱ ዙፋኑን ያቆሙታል። የተሸካሚዎቹ አለቃ ኢሲድሮ፣ በሙያው ዓሣ ነጋዴ፣ በልጅነቱ ከኤላዲዮ ጎን ትከሻውን ያስለመደ ሰው፣ ቀና ብሎ «ይህች ለእትዬ ትሪኒ ናት!» እያለ ስሟን ይጠራል። ዙፋኑ ፊት ያለውን ደወል ይመታል። ሁለት መቶ ወንድ ያንን ሁሉ ብርና ወርቅ ቅብ፣ ያንን ሁሉ ሻማና አበባ፣ ከትከሻው አስለቅቆ በክንዱ ወደ ላይ ያነሣላታል። ትሪኒ ከወንበሯ ተነሥታ ታማትባለች። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው፤ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ዓመቱን ሙሉ መድኃኒቷን የምትውጠው ለዚያች ደቂቃ ስትል እንደሆነ ግን አብራት የምትኖር ልጇ ታውቃለች። ሐኪሙ ባይናገረውም የዘንድሮው የመጨረሻው እንደሚሆን ሁለቱም ያውቃሉ፤ አንድም ቀን ተነጋግረውበት አያውቁም።

ቤቱ የትሪኒ ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት ፌርሚን «ይህ ደረጃ ይገድልሻል» ብሎ ከከተማው ዳር፣ አውሮራ ጋ አስገባት፤ አልተሳሳተም፣ ደረጃው ይገድላል። ከዚያ ወረቀት አመጣ፣ እናቲቱም መነጽሯን ሳታደርግ ፈረመች። ከዚያ ግድግዳው ነጭ ተቀባ፣ የእንጨቱ ቁም ሣጥን ተሸጠ፣ አልጋዎቹ ላይ የማንም ያልሆኑ ትራሶች ተደረደሩ። አውሮራ አፍ አውጥታ ምንም አላለችም። እንዴት ትበል? ቤቱን የምታጸዳው እሷ ናት። እንግዳ በወጣ ቁጥር አንሶላ ቀይራ፣ መታጠቢያ ቤት ፈግፍጋ፣ ፎጣ አልጋ ጫፍ ላይ በዳክዬ ቅርጽ አጥፋ አሥራ አራት ዩሮ ታገኛለች። ወንድሟ የሚያስተዳድራቸው ሌሎች ሦስት ቤቶችም አሉ፤ እነሱንም የምታጸዳው እሷው ናት። ትናንት ማታ እንኳ በረንዳው ላይ አዲስ ታጣፊ ወንበሮች አግኝታ በኮምጣጤ ወልውላቸዋለች። ሰባት ነበሩ። እማዬ፣ እኔ፣ ፌርሚን፣ ሚስቱ፣ ሦስቱ ልጆቻቸው ብላ በጣቷ ቆጥራ፣ ወንድሜ ዘንድሮስ አሰበበት ብላ ደስ ብሏት ነበር። ያ ደስታዋ አሁን እንደ ሐሞት መረራት።

እጇን በሽርጧ ጠርጋ ሳሎን ገባች።

«ፌርሚን፣ አሮጊቷ ማን ናት?»

ስልኩን ኪሱ ከተተ። «የትኛዋ አሮጊት?»

«አትወጣም ያልካት።»

«እታለም፣ እባክሽ አትጀምሪኝ። ለሁለት ሰዓት ብቻ ነው፤ ለሁለት ሰዓት! ክፍሏ ውስጥ ቴሌቪዥን አስገብቼላታለሁ። ከበረንዳው ይልቅ በቴሌቪዥን ፊቱ ቀርቦ ይታያል፤ ጠይቂ ከፈለግሽ።»

«ቃል ገብተህላት ነበር።»

«የገባሁት በጥቅምት ነው። በጥቅምት ሰው በረንዳ ላይ ለመቀመጥ መቶ ስልሳ ዩሮ እንደሚከፍል ማን ያውቅ ነበር? ያውም በነፍስ ወከፍ!»

«እሺ፣ ስድስት አስቀምጥና አንዷ ላይ እሷ ትቀመጥ።»

«ሰባቱም ከፍለዋል።»

«ስምንተኛ ሆና ትቀመጣ!»

«በረንዳው የሚችለው ሰባት ሰው ነው። መሐንዲሱ ጽፎ ፈርሞበታል። አንድ ነገር ቢሆን ዘብጥያ የምወርደው እኔ ነኝ።»

«እናትህ አርባ ኪሎ አትሞላም፣ ፌርሚን።»

«የሚቆጠረው ኪሎ አይደለም፣ ሰው ነው» አለና ወይኑን ማቀዝቀዣ ውስጥ ሊደረድር ሄደ።

 አውሮራ ልትጮህ ነበር፤ ግን እናቷ ከኮሪደሩ ማዶ አለች። እንደዚህ ነው የዚህ ቤት ሰው ሲጣላ የኖረው፤ ሁሉም ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው ለእማዬ ብሎ ነው፤ እማዬ ደግሞ ሁሉንም ትሰማለች።

ምሳ ሦስቱ ብቻ በሉ፤ የፌርሚን ሚስት ልጆቹን ይዛ ወላጆቿ ዘንድ ሄዳለች። ሽምብራ በቆስጣና በደረቅ ዓሣ ነበር። ትሪኒ ለዕለቱ የሚለበሰውን ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ፣ የማኅበሩን ሜዳሊያ አንገቷ ላይ አስራ፣ እንዳይነካካት ናፕኪን ደረቷ ላይ ሰክታ ቀስ እያለች ትበላለች። ጨዋታ አምሯታል። ጠዋት ከታች ያለው ካፌ ውስጥ የሆነውን ለልጇ ነገረችው። ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠጣው የኖረችውን፣ በዚህ ከተማ «ደመና» የሚባለውን ወተት የበዛበት ቡና ብታዝ፣ አስተናጋጇ ዓይኗን አፍጥጣ፣ እንደሱ የሚባል የለንም አለቻት። ሦስት ዩሮ ተኩል የሆነ፣ በላዩ ልብ የተሳለበት ነገር አመጣችላት። ትሪኒ ይህን ስትናገር ትስቅ ነበር። ቀጥላ ደግሞ ወንበሯን ከቀኝ በኩል እንዲያደርጓት ነገረቻቸው። ዙፋኑ መታጠፊያው ላይ ገና ብቅ ሲል ለማየት ቀኙ ይሻላል፤ ፀሐይዋም በዚያ ሰዓት ከግራ ነው የምትመጣው። አውሮራ ሣህኗን አየች። ፌርሚን ዳቦ ቆረሰ። ከታች መንገዱ ላይ ወንበር የሚደረድሩ ሰዎች ብረት ከብረት ያጋጫሉ። ትሪኒ አንዴ ወንድ ልጇን፣ አንዴ ሴት ልጇን አየችና ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«እማዬ» አለ ፌርሚን፣ ዳቦውን እያየ፤ «ዛሬ እንግዶች አሉብኝ። ከሩቅ የመጡ ናቸው። ለበረንዳው።»

«ስንት ናቸው?»

«ሰባት።»

ትሪኒ ትንሽ አሰበች። «ወንበር ይበቃቸዋል?» አለች።

ወንድና ሴት ልጆቿ ፊታቸውን የሚያደርጉበት አጡ። ሌላ እናት ብትሆን ትራገም ነበር። ትሪኒ ግን ናፕኪኗን አጥፋ፣ ጠረጴዛውን ተደግፋ ተነሣች፤ አውሮራም ክንዷን ይዛ ውስጠኛው ክፍል ድረስ ወሰደቻት።

ክፍሉ ድሮ ልብስ የሚተኮስበት ነበር። ያለችው አንዲት መስኮት ወደ ሕንፃው የአየር ጉድጓድ የምትከፈት ናት፤ ከእሷ የሚገባው የሌላ ሰው ወጥ ቤት ሽታ እንጂ ብርሃን አይደለም። ፌርሚን የሽንት ቤት ወረቀቱንና የሳሙናውን ጀሪካን እስከ ጣሪያ ቆልሎበታል። በዚያ መሃል ጠባብ አልጋ፣ አልጋው ፊት ደግሞ በርጩማ ላይ የተቀመጠ ትንሽ ቴሌቪዥን። ትሪኒ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ሜዳሊያዋን አስተካከለች።

«እማዬ፣ እኔ እናገረዋለሁ። አልለቀውም።»

«ተይው ልጄ። ቤቱ የእሱ ነው።»

«ቤቱ ያንቺ ነው!»

«ፈርሜያለሁ እኮ» አለች ትሪኒ፣ እንደ ተራ ነገር። «ደግሞ አንቺም ሥራሽ አለ። ከወንድምሽ ጋር አትጣዪ።»

እንግዶቹ ልክ አሥር ሰዓት ላይ መጡ። ክፉ ሰዎች ቢሆኑ ለአውሮራ በቀለላት። ክፉ አልነበሩም። እግራቸውን ምንጣፉ ላይ ደጋግመው ጠረጉ፣ በተሰባበረ ስፓኒሽ ለሁሉም ነገር አመሰገኑ፣ ጣሪያውን አዩ፣ ወለሉን አዩ፣ ድሮ ትሪኒ ተንበርክካ በጨርቅ የምታሸውን ያንን አበባማ ሸክላ ፎቶ አነሡ። የፀሐይ መከላከያ ቅባት ይሸታሉ። ከመሃላቸው ሰፊ የገለባ ባርኔጣ ያደረገች፣ ፊቷ ደግ የሆነ ጎልማሳ ሴት ነበረች፤ መታጠቢያ ቤቱን ስትፈልግ ተሳስታ የውስጠኛውን ክፍል በር ከፈተች። ጥቁር የለበሰች አሮጊት በሽንት ቤት ወረቀት ክምር መሃል ተቀምጣ ስታያት ደነገጠች። ይቅርታ ጠይቃ በሩን መለሰችና ሳሎን መጥታ ፌርሚንን ማን እንደሆነች ጠየቀችው።

አውሮራ የተጠበሰውን ዳቦ በትሪ ይዛ ከወጥ ቤት እየወጣች ነበር። ፌርሚን አያት። እያያት ነው የተናገረው።

«የጽዳት ሠራተኛዋ እናት ናት። የሚጠብቅላት ሰው ስላጣች ነው ይዛት የመጣችው።»

ባለ ባርኔጣዋ ሴት ከንፈሯን መጠጠች። ወደ አውሮራ ቀርባ ክንዷን ዳበስ አደረገቻት፤ ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ የአምስት ዩሮ ኖት ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችላት። «ለእናትሽ» አለቻት። አውሮራ ትሪውን በሁለት እጇ እንደያዘች ቆማ ቀረች። በዚያች ቅጽበት ልትለው የምትችለው ሁሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ይህ ውሸታም ወንድሜ ነው፤ ያቺ ሴት እዚሁ ቤት፣ እናንተ ኮታችሁን የጣላችሁበት ክፍል ውስጥ አምጣ ወልዳዋለች ማለት ትችል ነበር። አላለችም። ነገ አራት ቤት ታጸዳለች። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ እንግዶቹም ዳቦውን ቀምሰው ማሩን ከጣታቸው እየላሱ አደነቁ። በወንድሟ ላይ የነደደችውን ያህል በራሷም ላይ ነደደች፤ ምን ዓይነት ሰው ነኝ ብላ ጥርሷን ነከሰች።

አንድ ሰዓት ያህል ወጥ ቤት ውስጥ ዕቃ ስታጋጭ ቆይታ አንድ ሐሳብ መጣላት። እናቷን በወንበር ወደ ታች ታወርዳለች። ደረጃውን መውረድ ከመውጣት ይቀላል፤ ከመግቢያው በር ፊት ለፊት አንዲት ወንበር ማስቀመጫ ብትገኝ ኢሲድሮ ያያታል። ቦታውን አስቀድማ ለማየት ብቻዋን ሮጣ ወረደች። በሩን ብትገፋው አልከፈት አለ። ከውጭ የተደገፉት ሰዎች ጀርባ ነው የያዘው። በትከሻዋ ገፍታ ጭንቅላቷን ብታወጣ፣ ሕዝቡ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ እንደ ጡብ ተደራርቧል። ከፊት ያሉት ወንበሮችም የተከራዩ ናቸው፤ በየመደገፊያቸው ቁጥር ተለጥፎባቸዋል።

«አንዲት አሮጊት ብቻ!» ብላ ጮኸች አጥሩ ጋ ለቆመው ፖሊስ። «እናቴ ናት! የዚህ ቤት ሰው ናት!»

«እመቤቴ፣ የዚህ ቤት ሰው ከሆነች በረንዳ አላት» አላት ፖሊሱ፤ ሰዎቹም ሳቁ።

ተመልሳ አርባ ሁለቱን ደረጃ ስትወጣ ከበሮው ከሩቅ ተሰማ። ውስጠኛው ክፍል ገብታ ቴሌቪዥኑን አየችው፤ የሚያሳየው የሌላ ማኅበር ዙፋን፣ በሌላ መንገድ ነው። ትሪኒ ጀርባዋን አዙራበት፣ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ፣ ጆሮዋን አቁማ ተቀምጣለች።

«እየመጡ ነው» አለች። «በሩን ክፈቺልኝና ሂጂ። አንቺ እዪና ትነግሪኛለሽ። ኢሲድሮ ጤነኛ መሆኑን እዪልኝ፤ ወገቡን ያመው ነበር።»

አውሮራ ወደ ሳሎኑ ወጣች። በረንዳው ላይ ሰባት ጀርባ ተደርድሯል። ወንበሮቹ ላይ መቀመጥ ትተው ሁሉም ብረቱን ተደግፈው ቆመዋል፤ ስልኮቻቸውን ከራሳቸው በላይ አንሥተዋል። ፌርሚን ጥቁር ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ጥቁር ከረባት አስሮ፣ የወይን ብርጭቆ የሞላበት ትሪ ይዞ የበረንዳው መውጫ ላይ ቆሟል። አውሮራ በባርኔጣው ክፈፍና በአንዱ ሰውዬ ትከሻ መካከል የእጅ መዳፍ የምታህል ክፍተት አገኘች። ባለ ሾጣጣ ቆቦቹ ማኅበርተኞች ሻማቸውን ይዘው አለፉ። ዕጣኑ ደረሰ፣ ባንዱ የሚነፋው ማርሽ ደረሰ። ከዚያ ጌታ መታጠፊያው ላይ ብቅ አለ፤ መስቀሉን በቀኝ ትከሻው አድርጎ፣ ከተሸካሚዎቹ እርምጃ ጋር ግራ ቀኝ እያለ፣ ልክ በእግሩ እንደሚሄድ ሰው። ሕዝቡ ጸጥ አለ። ዙፋኑ በረንዳው ሥር ሲደርስ ደወሉ አንዴ ተመታ፤ ተሸካሚዎቹም ባሉበት ቆሙ።

ኢሲድሮ ከፊት ወጣ። ሸምግሏል፤ ቀና ያለውም ወገቡን በእጁ ይዞ ነው። «ይህች...» ብሎ ጀመረና አፉ ተከፍቶ ቀረ። ባርኔጣውን አየ። ስልኮቹን አየ። ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ አንድ በአንድ ፊታቸውን አየ። ትሪኒ የብርዱን ወራት ሙሉ ቤተ ክርስቲያን እንዳልመጣች፣ ከሰፈሩም ማንም እንዳላያት ያውቃል። በመጨረሻ ዓይኑ ከጀርባቸው የቆመው ፌርሚን ላይ አረፈ፤ ከነጥቁር ልብሱ፣ ከነጥቁር ከረባቱ። ኢሲድሮ መዳፉን ወደ ላይ ገልብጦ እጁን ወዘወዘ፤ የት አለች? ማለቱ ነው።

ፌርሚን እንግዶቹን አየ። እዚህ ክፍል ውስጥ ናት ማለት፣ እነዚህ ሰዎች የጽዳት ሠራተኛ እናት ናት የተባሉትን ሴት የገዛ እናቴ ናት ማለት ነበር። ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። የለችም ማለቱ ነው፤ ዘንድሮ አልመጣችም። ነቅንቆም ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ።

ጥቁር የለበሰ ልጅ ስለ እናቱ ተጠይቆ፣ ጭንቅላቱን ነቅንቆ መሬት መሬት ካየ፣ በካሬቴሪያ ጎዳና ትርጉሙ አንድ ነው። የኢሲድሮ እጅ ከደወሉ ላይ ወርዶ ደረቱ ላይ አረፈ። ዞር ብሎ ለባንዱ መሪ አንድ ቃል ተናገረ፤ ማርሹም ቀጥ አለ። በሕይወት ላለ ሰው ሲያነሡ በሙዚቃ ነው፤ ለሞተ ሰው ሲያነሡ ያለ ሙዚቃ ነው። ያንን በዚህ መንገድ ያደገ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል፤ ሕዝቡም በአንዴ ባርኔጣውን ማውለቅ ጀመረ።

«ወንድሞች!» አለ ኢሲድሮ። «ይህች ለኤላዲዮ ባለቤት፣ ለእትዬ ትሪኒ ነፍስ ናት! ባሏ ዘንድ ደርሳለች! በክንድ፣ ወደ ሰማይ!»

 ፌርሚን ገብቶታል፤ ፊቱ አመድ ሆኗል። አውሮራ ክንዱን ጨመደደችው።

«ንገረው! አለች በለው! ጩህበት!»

«ዝም በይ» አላት በጥርሱ መካከል። «ሰው ፊት አታዋርጂኝ። በኋላ እደውልለታለሁ።»

ገፍትራው ወደ በረንዳው ልትወጣ ታገለች። ሰባት ጀርባ ግጥም ብሎ ቆሟል፤ መግቢያ የለም። አንዱ ሰውዬ ዞር ብሎ፣ ጨዋ በሆነ ፊት፣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም እንድትል ለመናት። ባለ ባርኔጣዋ ሴት የተባለውን ባታውቅም ቅዱስ ነገር መሆኑ ገብቷት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እንባዋን ታፈሳለች። ደወሉ ሦስት ጊዜ ተመታ። ሁለት መቶ ወንድ ባንድ ትንፋሽ ዙፋኑን ከትከሻው አነሣው፤ ክንዳቸው እየተንቀጠቀጠ ከፍ፣ አሁንም ከፍ አደረጉት። ጌታ ከበረንዳው እኩል ሆኖ ከእነዚያ ሰባት ሰዎች ጋር ፊት ለፊት ተያየ። አውሮራ «ኢሲድሮ!» ብላ የቻለችውን ያህል ስትጮህ መንገዱ በጭብጨባ ፈነዳ፤ ድምፏን ራሷ እንኳ አልሰማችውም። ከበሮው ተመታ፣ ማርሹ እንደገና ተነሣ፤ ዙፋኑም እየተወዛወዘ ሄደ።

ዞር ስትል እናቷ ኮሪደሩ አፍ ላይ ቆማለች። ግድግዳውን ተደግፋ፣ ትንፋሽ አጥሯት፣ ከዘራዋን ጨብጣ። ከዚያ ክፍል ቃል አይሰማም፤ የሚሰማው ሙዚቃውና የሙዚቃው መቆም ብቻ ነው።

«ማርሹ ቆሞ ነበር» አለች። «ያለ ሙዚቃ ነው ያነሡት። ማን ሞቶ ነው?»

እንግዶቹ ያነሡትን ምስል እርስ በርስ እየተያዩ ከበረንዳው ይገባሉ። ፌርሚን ትሪውን እንደያዘ ቆሟል። አውሮራ ወንድሟን ነው የምታየው። ይናገር ብላ ነው። አንዲት ጊዜ እንኳ እናቴ ብሎ ይናገር ብላ ነው።

«እኔ እንጃ እማዬ» አለ ፌርሚን። «አንዲት የሰፈር ሴት መሰለችኝ።»

ትሪኒ ከዘራዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ በቀስታ፣ ከግንባሯ እስከ ደረቷ አማተበች።

«ነፍሷን ይማር» አለች። «ምስኪን፣ ለረቡዕ ሳትደርስ።» ከዚያ ወደ ሴት ልጇ ዞረች። «ልጆች ነበሯት?»

«ነበሯት» አለች አውሮራ። «ሁለት ነበሯት።»